የማይንቀሳቀስ ባቡር አዋጅ ቁጥር 41/2008

ስማ፣ ስማ! መስማሚያ ይንሳው የባቡሩን ጠላት!

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ሆኖ፣ 41 ባቡሮች ይዞ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ በመሆኑ፤

ትኬቱ ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር፣ ብድሩና መለዋወጫው ግን በዶላር በመሆኑ፤

ከ41ዱ አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው በአያትና በቃሊቲ ዴፖ ማረፍን በመምረጣቸው፤

እኛ በባምቢስ ፌርማታ የምንቆም የካዛንቺስና የቂርቆስ ተሳፋሪዎች፣ ከእኛ የበለጠ የቆመ ስለሌለ ራሳችንን “ቋሚ ኮሚቴ” ብለን ሰይመን የሚከተለውን አውጀናል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “አዋጅ ቁጥር 41/2008” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የባቡሮቹ፣ ዓመቱ አዲስ የነበሩበት ነው።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦
ሀ) “ባቡር” ማለት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፤ ካርታ ይሠራለታል፤
ለ) “አቅም” ማለት “ጠጋ ጠጋ በሉ” ከተባለ በኋላ የሚገኝ ቦታ ነው፤
ሐ) “ድጎማ” ማለት መንግሥት በትኬቱ ላይ የሚጨምረው ብር ነው፤ ተሳፋሪው ቆሞ የሚጨምረውን ሰዓት አያካትትም።

3. ስለ ቅልጥፍና
ባቡር ካልመጣ መብራት ይቆጠባል፣ ሐዲዱ አያልቅም፣ የሚዘገይም የለም። ትኬቱ ወጪውን ስለማይሸፍን፣ ተስፋ ቆርጦ ሚኒባስ ውስጥ የተጋፋ ሰው ሁሉ ኪሳራ ቀንሷል። ስለዚህ የዓመቱ ምርጥ ተሳፋሪ ያልተሳፈረው ነው። ሽልማቱን ለመውሰድ ግን በባቡር መምጣት ይኖርበታል።

4. ስለ ካዛንቺስ ልጆች
በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ የሄደ ሰው፣ ለሥራም ለለቅሶም ሲመለስ ቃሊቲ ድረስ በታክሲ መጥቶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ ስታዲየም ወርዶ፣ የአያቱን ባቡር ደግሞ ጠብቆ ባምቢስ ይደርሳል። ወርዶ ሰፈሩን ካላወቀው ጥፋቱ የባቡሩ አይደለም።

5. ስለ ግልጽነት
በየማለዳው ስንት ባቡር ከዴፖ እንደወጣ፣ የቀረው ለምን እንደቀረ፣ ለመለዋወጫ የተያዘው ገንዘብ ምን እንደደረሰ በየፌርማታው ይለጠፍ። (ይህ አንቀጽ ቁም ነገር ሆኖ በስህተት ስለገባ በመጀመሪያው ማሻሻያ ይወጣል።)

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ቀጣዩ ባቡር ባምቢስ ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው ረቂቅ ነው።