ነፋስ ጥፋተኛ፣ አቧራ የክብር እንግዳ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ወረታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነፋስ ችሎት ሳይቀርብ ይፈረድበታል። መኪናው ሐሙሲትን አልፎ ወደ ፎገራ ሜዳ ሲገባ ሙቀቱ ያይላል፤ ላብ ያጠመቀው አንድ ወጣት መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈት ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው ልጄ፣ በብርድ ልታስጨርሰን ነው?» የሚል የአንዲት እናት ድምፅ ይመጣል። መስኮቱ ይዘጋል። ውስጥ የሚቀሩት ወንበር ሥር እግሯን የታሰረች ዶሮ፣ ዱቄት የሚበንበት ጆንያ፣ ለሠርግ የተረጨ ሽቶና መኪናው ከተገዛ ወዲህ ተራግፎ የማያውቅ የወንበር ልብስ ናቸው። ጉማራ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ወጣቱ ደጋግሞ ያስነጥሳል። «አየህ? ያቺ ነፋስ እኮ ናት» ይሉታል እናት፣ በእውነት አዝነውለት።

ፍርዱ በጥልቅ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። እንደ ሰፈሩ ሕክምና በምድር ላይ ያሉት በሽታዎች ሦስት ናቸው፤ ብርድ፣ ምችና ሳይነስ። ከምድጃ ተነሥቶ በር ላይ የቆመ ሰው ብርድ መታው። ፀሐይ ላይ ውሎ ከንፈሩ የቆሰለ ምች መታው፤ ዳማከሴ ይታሽለት። ከሁለቱ የተረፈው ሁሉ ሳይነስ ነው፤ እሱም ከከተማ የመጣ ስም ስለሆነ ክብር አለው፣ ሐኪም ሳያየው ሰው ለራሱ ይሾምበታል። አለርጂ ግን የቅንጡ ልጆች በሽታ ነው ይባላል። በጭቃና በውሃ ያደገ ፎገሬ አቧራ ሊያሸንፈው? ነውር ነው!

ለመለየት እንኳ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። ጉንፋን ሰውነት ይቆረጥማል፣ አንዳንዴ ያተኩሳል፣ በሳምንት በዐሥር ቀን ይለቃል። አለርጂ አያተኩስም፤ አፍንጫን፣ ዓይንንና ላንቃን ያሳክካል፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ ያወርዳል፣ በላይ በላዩ ያስነጥሳል፤ ደግሞም ቦታና ወቅት ያውቃል። ይህን ለመረዳት ታማሚው ምን ሲነካ፣ የት ሲገባ እንደሚብስበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ነፋስን ነፃ ሊያወጣው ይችላል።

ወረታ ላይ መጠየቅ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ሩዝ መፈልፈያው ዘንድ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሲዘራ ክረምት ውሃ ለሚተኛበት ሜዳ መላ ሆኖ መጣ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ሩዙ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ፣ ተጠንስሶም ጠላ ይሆናል። መፈልፈያዎቹም በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ካልተፈለፈለ 100 ኪሎ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለባ ነው። ገለባው ሲሊካ የበዛበት ሸካራ ነገር ሲሆን፣ ከእሱ የሚነሣው ብናኝ አንዱን ሰው በአለርጂ ያስነጥሰዋል፣ ሌላውን ያለ አለርጂም ጉሮሮውንና ሳንባውን ይቆጠቁጠዋል። ከማሽኑ አፍ ብናኙን የሚቀበለው ጎልማሳ ጆንያ ይዞ ቆሞ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ሆኗል። የተረፈው ክምር በስተመጨረሻ እሳት ይለቀቅበትና ቀኑን ሙሉ ሲጤስ ይውላል።

የፎገራ ጉንፋን ሥርዓት ያለው ጉንፋን መሆኑ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። አጨዳው አልቆ ማሽኑ ሲነሣ ይመጣል፤ ማሽኑ ለበዓል ሲቆም ያርፋል፤ በማግስቱ ጠዋት ሰዓቱን አክብሮ እንደ ጥሩ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው ላይ ይገኛል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚወቀሰው የታኅሣሥ ውርጭ ነው።

ከመፈልፈያው ርቆ የሚኖረው ሰውም የራሱ እንግዶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1964 በኔዘርላንድ የላይደን ተመራማሪዎች የቤት አቧራ ለምን ሰው እንደሚያስነጥስ ሲመረምሩ ዋናውን ተጠያቂ ደረሱበት፤ በዓይን የማይታይ፣ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት እየበላ በፍራሽና በትራስ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ተባይ ነው። የሚያሳክከውም በዋናነት ኩሱ ነው። ተባዩ እርጥበት ይወዳል፤ ጣና ዳር ያለ፣ ክረምቱን ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ደግሞ በእርጥበት አይታማም። ባለቤቱም ይተባበራል። አንሶላው ለፋሲካ ይታጠባል፣ ፍራሹ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፣ መስኮቱ ለብርድ ሲባል በጨርቅ ይጠቀጠቃል። ማታ ጥጃው ከቤት ይገባል፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ይወጣሉ፤ ከጎተራው ሥር የረጠበው እህል ሻጋታ ያወጣል። እንጨት ብርቅ በሆነበት አገር ኩበት ይነድዳል፣ ጢሱም ስደት ስለማይወድ ከጣሪያው ሥር ይቀራል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስልና ደረቱ ሲያፏጭ ያድራል። አያት ያዝናሉ፤ ተነሥተው በሩ ሥር ያለችውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ጠዋት ቡና ሲፈላ ደግሞ ለታመመው ልጅ ሲሉ ዕጣኑን ጨመር ያደርጉለታል።

ሳይንስ ዝም ብሎ እንዳይመስል፣ ጅማ ላይ ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን አጥኚዎች ጉዳዩን በደንብ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው የበዛ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ጋር እንደሚያያዝ አመለከቱ። በዚያው ዓመት ሌላ ውጤት ወጣ፤ የመንጠቆ ትል በብዛት ያለበት ሰው ደረቱ የሚያፏጭበት ዕድል ያነሰ ነበር። ይህ የመጨረሻው ግኝት ሰፈር ቢደርስ ኖሮ የትል መድኃኒት የሚውጥ ሰው ባልተገኘ፤ ግን አልደረሰም፣ ነፋስ ተሻምቶ ወስዶት መሆን አለበት።

መስከረም ሲመጣ የሚከሰሰው ይቀየራል። ዓይኑ የቀላ ሁሉ ጣቱን ወደ አደይ አበባ ይቀስራል፤ ደማቅና ብዙ ናትና ጥፋተኛ ትመስላለች። አደይ ግን ዱቄቷ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ የምታምነው ንብን ነው። በአየር ላይ የሚበተነው ማንም አበባ ብሎ የማይቆጥረው የሣር ዱቄት ነው። ቻርልስ ብላክሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ራሱ በየዓመቱ ሲያስነጥስ ኖሮ፣ በገዛ አፍንጫው ላይ እየሞከረ ይህን እ.ኤ.አ. በ1873 በመጽሐፍ አስነብቧል። በፎገራ ጓሮ ግን ዓይኑ ያሳከከው ሰው አደይዋን ነቅሎ ይጥልና ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ ያርፋል።

በምግብ በኩል ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ሩዝ አለርጂ የሚያስነሣው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ግን በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ከአረቄ ጋር የሚቀርበው ግብጦም ሊነሣበት ይችላል። በልቶ ከንፈሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ አለበት። ሰፈሩ ግን «ዓይን በልቶት ነው» ብሎ ምራቅ እትፍ ያደርግበታል።

ሕክምናውም ከምርመራው አያንስም። አፍንጫው ለፈሰሰ አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ መድኃኒቱ አቧራንም ሆነ ቫይረስን ባይነካም፣ እሱ ራሱ አለርጂ የሚያስነሣበት ሰው መኖሩ እንደ ጉርሻ ይቆጠራል። ዓይኑን ለሚያሽ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የስቴሮይድ ጠብታ ይገዛለታል፤ ማሳከኩን በሁለት ቀን ያጠፋዋል፣ ለወራት ሲንጠባጠብ ደግሞ የዓይን ግፊትና ሞራ ያመጣል። አስም ላለበት ሐኪም ያዘዘው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ግን «ሱስ ያስይዛል» ተብሎ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።

መላው ርካሽ መሆኑ ነው ጉዱ። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ አንሶላን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ወለሉን ከመጥረግ በፊት ውሃ መርጨት፣ ዶሮዋን ከመኝታው ማራቅ፣ ዕጣኑን ወደ በረንዳ ማውጣት፣ መፈልፈያው ዘንድ አፍንጫን መሸፈን። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ወረታ ጭምብል ማሰር ችላ ነበር። ዛሬ መፈልፈያው ደጅ ጆንያ የሚይዘው ጎልማሳ ጭምብል ሲሰጡት ኪሱ ይከተዋል። አፍንጫው ከኅዳር ጀምሮ እንደተዘጋ ነው፤ «ይቅርብኝ ወንድሜ፣ ያፍነኛል» ይላል።