ከጋቢ ስር

ስለ ዱባይ ሙቀት እንደ እኔ የሚያማርር ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እንደ እኔ ሙቀቱን የማያውቅ ሐበሻም ያለ አይመስለኝም።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ «ልጄ፣ ሙቀቱ እንዴት አደረገህ?» ስትለኝ ድምፄን አዳክሜ «ምን ይደረግ እማዬ፣ ችለነዋል» እላታለሁ። ይህን የምለው እሷው የላከችልኝን ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነው። ኤሲው 18 ላይ ነው። ከቤት ወደ መኪናው በሊፍት እወርዳለሁ፤ መኪናው ኤሲ አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ኤሲ አለው፤ አስቤዛ የምገዛበት ሞል ደግሞ ሹራብ ያስለብሳል። እኔና ሙቀቱ የምንገናኘው በበርና በበር መሃል ነው። እዚያች ላይ መነጽሬ በእንፋሎት ይሸፈንና ምንም ሳላይ ግድግዳ እየዳበስኩ እሄዳለሁ። ያቺን ግማሽ ደቂቃ ነው ለእናቴ የስደት መከራ አድርጌ የማወራላት። እሷም ታለቅስልኛለች።

ከተማውም ከእኔ አይሻልም እያልኩ እጽናናለሁ፤ እሱም ያደገው ከሙቀት እየሸሸ ነው። ድሮ ክሪክ በሚሉት የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ ባስታኪያ በሚባለው ሰፈር፣ ከፋርስ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ቤታቸው ላይ ባርጂል ያቆሙ ነበር፤ በአራቱም ጎን ክፍት የሆነ፣ ነፋስ ይዞ ወደ ክፍሉ የሚያወርድ ግንብ። አቅም የሌለው ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራ ጎጆ ያድራል። የሙቀቱ ወራት ሲገባ የቻለ ሰው ወደ ጁሜራ ባሕር ዳርቻ ይወጣል። በኋላ ገዢ የሆኑት ሼክ ራሺድ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ ከኮራል ድንጋይና ከጂፕሰም የሙቀት ጊዜ ማረፊያ ሠርተዋል። የመብራት ኩባንያው የተቋቋመው በ1959 ነው፣ ነዳጁ የተገኘው በ1966። በ1979 ባለ 39 ፎቁ የንግድ ማዕከል ሲመረቅ ነፋስን ደጅ የሚጠና አልነበረም። ከዚያ በኋላ መስታወት በመስታወት ላይ ተደረደረ፣ በ2010 ደግሞ 828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ ቆመ። ያ ሁሉ መስታወት ያለ ኤሲ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና በር ከፍቶ ይግባ።

አንድ ሌላ ድክመቴ እንግዳ ላይ አዋቂ መሆን ነው። ዊሊስ ካሪየር የሚባለው መሐንዲስ በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ኤሲ የሚባለውን ማሽን የነደፈው ለሰው አዝኖ ሳይሆን ለወረቀት ነው እላለሁ፤ በአንድ ማተሚያ ቤት በእርጥበት ወረቀቱ እያበጠ ቀለሙ ቦታውን ይስት ነበር። ዱባይንም የሚገድላት እርጥበቱ ነው፤ አየሩ ውሃ ስለጠገበ ላብ አይደርቅም፣ ማሽኑ ግን አየሩን ጨምቆ ውሃውን ያወጣዋል። ከቡርጅ ኸሊፋ ብቻ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ሊትር በላይ ተጠራቅሞ አትክልት ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ ስተርክ ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነው የምመስለው። እንደመጣሁ ሰሞን ዴራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንገቴ ላይ ጠብ ሲልብኝ «ተመስገን፣ ዘነበ!» ብዬ ሰማይ ያየሁት፣ ከላዬ ደግሞ አሮጌ የመስኮት ኤሲ የነበረው እኔው መሆኔን አልተርክም።

የመብራትና ውሃ ባለሥልጣኑ ኤሲውን 24 ላይ አድርጉት ብሎ ይመክራል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ሕግ አክባሪ ነው፤ ማታ 24 ላይ አድርጎት ይተኛል። እኔ ማንኮራፋቱን እጠብቅና በእግሬ ጣት ሄጄ መልሼ አወርደዋለሁ። ቤታችን ቺለር ፍሪ ነው፤ ማለትም የማቀዝቀዣውን ሒሳብ የሚከፍለው አከራዩ ነው። ነፃ ብርድ አይባክንም ብዬ፣ ብርድ ሸሽቶ ከደብረ ብርሃን የወጣ ሰው፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ አድራለሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የቀኑ ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ሕንፃ ይሠራል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኞቹ ወርደው ጥላ ሥር ይዘረጋሉ፣ አንዱ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ይሸፍናል። አንድ ቀን በረድ የሞላ ብርጭቆ ይዤ አየኋቸውና «እግዚኦ፣ ሰው ይሄን እንዴት ይችላል!» ብዬ ከልቤ አዘንኩ። አዝኜም ኤሲውን ወደ 17 አወረድኩት። ኤሲ ደግሞ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከእኔ ክፍል አውጥቶ ውጭ ይደፋዋል። ለእናቴ ከማማርርበት ሙቀት የተወሰነው የእኔው ነው።

ባለፈው ጥር ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሊጠይቁኝ መጥተው ባስታኪያ ወሰድኳቸው፤ ዛሬ አል ፋሂዲ ይሉታል። ባርጂሉ ሥር ቆመው ቀና አሉ፣ ኮታቸውን ከፈቱ።

«ይሄ ነው እንጂ ነፋስ! ታዲያ በዚህ አየር ኤሲ የሚከፍት ጤነኛ አለ?»

«የለም ጋሼ» አልኩ። መኪናዬን ኤሲዋን ሳላጠፋ ነበር ያቆምኳት።