ምርመራ ላይ ነው

የቺካጎ ፖሊስ መኪናው ላይ ካሜራ አለው፤ ካሜራው ያየውን መንገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2014 የ17 ዓመቱ ላኳን ማክዶናልድ በፖሊስ 16 ጥይት ተመቶ ሲሞት፣ ፖሊስ «ቢላ ይዞ ወደ እኛ እየመጣ ነበር» የሚል መግለጫ ሰጠ። ቪዲዮው ይታይ ሲባል ምርመራ ላይ ነው ተባለ።

ምርመራው ምን ያህል ረቂቅ ቢሆን ነው 13 ወር የፈጀው! ቪዲዮው ተቆልፎ ሳለ የከተማው ምክር ቤት ለቤተሰቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አጽድቋል፤ ለመክፈልማ ምርመራው አላገደውም።

ብራንደን ስሚዝ የተባለ ጋዜጠኛ ቪዲዮው እንዲለቀቅ ከሰሰ፤ ዳኛውም ይለቀቅ አሉ። ኖቬምበር 24 ቀን 2015 ሕዝቡ ያየው ልጁ ከፖሊሶቹ እየራቀ ሲሄድ ነው። ዓመት ሙሉ ሲመረምር የከረመው ዐቃቤ ሕግም ተኳሹን በግድያ የከሰሰው በዚያው ዕለት ሆነ፤ አጋጣሚ ነው እንበል። የፖሊሶቹን ንግግር መስማት የሚሻ ካለ ደግሞ ማመልከቻ ጽፎ አይድከም፤ ካሜራው አልቀዳውም።