በሬ እንዲቆጠርልን

ለክቡር ዓለም አቀፍ ሁለገብ የድህነት መለኪያ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሬና በቅሎ በንብረትነት እንዲመዘገቡልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የምንጽፍልዎ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ፣ ከፋርጣና ከጋይንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ወደዚህ ዓለም ካመጡዎ ወዲህ ከ100 በላይ አገሮችን በአንድ ሚዛን ሲመዝኑ እኛንም አልረሱንም። 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ይሳካሉ ተብሎ ቀጠሮ ከተያዘ፣ ማን ደረሰ፣ ማን ቀረ የሚል ዳኛ ማስፈለጉን አንክድም። አገሩም ለመሥፈርት እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ መሥፈርታቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም? የእርስዎ 10 ናቸው።

ጠባችን በተለይ ከአንዱ ጋር ነው። ስለ ንብረት ሲጠይቁ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ብስክሌት፣ ሞተር ብስክሌት፣ ፍሪጅና በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ ይላሉ። ከእነዚህ ሁለት ያለው፣ አለዚያም መኪና ያለው አለፈ። ጋሪውን የጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታደሱ ነው፤ ባላገሩን ማሰብዎ ልባችንን ነክቶታል። ይሁንና ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ በጋይንት ገደላ ገደል ጋሪ የሚወጣበት መንገድ ካገኙ ለእኛም ይጠቁሙን። በቅሎ ግን ትወጣለች። እሷ ከዝርዝርዎ የለችም። ጋሪው ተቆጥሮ ጎታቹ የቀረበት ምክንያት ለጊዜው አልገባንም። (ፍሪጁን እንኳ ተዉት፤ ጉና ግርጌ የሚኖር ሰው ብርዱን በነፃ ያገኘዋል።)

በሬም የለም። ፋርጣ ውስጥ የአንድ ቤት ኑሮ የሚታወቀው በበሬ ነው። ጥንድ በሬ ያለው መሬቱን በወቅቱ አርሶ ይዘራል። ባለ አንድ በሬው ከመሰሉ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ የገዛ ማሳውን ምርት ግማሽ ለባለ በሬ ያስረክባል። ሦስቱም ሞባይል ብቻ ቢኖራቸው በእርስዎ መዝገብ እኩያሞች ናቸው። ባለ ጥንዱ ተነሥቶ አንዱን በሬ ሸጦ ቴሌቪዥን ቢገዛ ግን የንብረቱን ፈተና አለፈ፤ እንኳን ደስ አለህ ይባላል። መብራት የለውም? ችግር የለም፤ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ለብቻው ይወድቅበታል።

በቀረው ብዙ አንሟገትዎትም። ወለላችን ዕበት የተለቀለቀ አፈር ነው። የምናበስለው በእንጨትና በኩበት ነው፤ ጢሱ የእናቶቻችንን ዓይን እንደሚያጠፋ ከእርስዎ በፊት እናውቃለን፤ ኩበቱም ምድጃ ከሚገባ ማሳ ቢወርድ ገብሱ እንደሚያምርበት ገበሬው አይጠፋውም። ውኃ ደርሶ መልስ 30 ደቂቃ ካስኬደ ጎደሎ ነው ማለትዎም እውነት ነው። ባዶ ወርዶ ሙሉ ሆኖ ሽቅብ የሚመለሰውን ጀሪካን ግን ሰዓትዎ አይለየውም።

ስለ ትምህርት አንድ አቤቱታ አለን። ከቤተሰቡ ስድስት ዓመት የተማረ ከሌለ ወደቀ ይላሉ። በጋይንት ምድር ቤተልሔም ድጓ፣ ዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች የሚመሰከሩባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ለዚያ ማዕርግ የሚበቃ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ስንት ክረምት ያሳልፋል። “ስንተኛ ክፍል ጨረስክ?” ሲባል ግን ምን ይመልስ?

ሌላው የዘመን ነገር ነው። ስለ አገራችን ለዓመታት ሲጠቅሱት የኖሩት መረጃ በ2011 ዓ.ም. በናሙና የተሰበሰበ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ መድፉ ደብረ ታቦር ድረስ ወደቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ሌላ ውጊያ ተጀመረ። ከ10ሩ ጥያቄዎችዎ አንዱም “ትናንት ማታ በሰላም አደራችሁ?” አይልም።

በሬ ለሁሉም አገር አይሆንም፣ ማወዳደሪያ ያበላሻል እንደሚሉን እንገምታለን። ቡታን እንደ እኛ ተራራ ላይ የሰፈረች አገር ናት። የእርስዎኑ ቀመር ወስዳ ብሔራዊ መለኪያዋን ስታበጅ መሬትንና ከብትን አስገብታለች፤ ሰማይ አልተደፋም። እኛም ከዚህ የተለየ አልጠየቅን። 

ከሰላምታ ጋር
ያልተቆጠሩ በሬዎች ባለቤቶች
ከፋርጣና ከጋይንት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ለ2010 የታሰበው ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ከበሬዎቻችን በፊት እኛን ቁጠሩን።