ወገብ 86፣ ቁመት 104

ነገሩ የተጀመረው በመጋረጃ ነው። የሳሎናችን መጋረጃ አንድ ክንድ ያህል ረዝሞ ወለል ሲጠርግ ከረመና ማሳጠሪያ ስንት እንደሆነ ልጠይቅ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ «በዚህ ብር የስፌት መኪናውን ራሱን እገዛለሁ!» አልኩ። እንዲህ ያላለ ሰው የለም። የእኔ ጥፋት መግዛቴ ነው።

አዲስ መኪና መግዛት ስላልታሰበ እማዬን አስከትዬ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። (አስከትዬ ማለቴ ለአፍ ያህል ነው፤ መርካቶ ውስጥ እማዬን የሚያስከትል ሰው ገና አልተወለደም።) ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ጆንያ ውስጥ ከገባው ዕቃ ብዙው ማረፊያው እዚያ ነው። ጎማው በረባሶ፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ከቤታችን «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብለን ያባረርነውን በብራችን ለማስመለስ የምንሄደውም እዚያው ነው።

«የወደድሽውን ዕቃ እንዳታይው» አለችኝ እማዬ ገና ከታክሲ ሳንወርድ። «አፍሽ ቢዋሽ ዓይንሽ ይናገርብሻል።»

አላየሁም። የነካሁት በእጄ ነው። ጥቁር የእግር ሲንጀር፤ ወርቃማው ጌጡ የቀድሞ ባለቤቱ እጅ ባረፈበት በኩል ብቻ ተልጦ አልቋል። «የእንግሊዝ ነው፤ ቢራቢሮ እንዳይመስልሽ» አለ ሻጩ። የሻንጋይዋ ቢራቢሮ ስሟ ሲጎድፍ እማዬ አልወደደችም፤ «ስንት ቤት ያቆመች መኪና!» ብላ ገሠጸችው። እኔ ግን እንግሊዝ የሚለው ቃል ልቤን ሰርቆታል። እውነቱን ከሆነ መኪናው የስኮትላንዱ የክላይድባንክ ፋብሪካ ልጅ መሆኑ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ስለተዘጋ ዋስትና አልጠየቅኩም።

9 ሺህ አለ። እማዬ 5 ሺህ ብላ እንደ ደንቡ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቀጣዩ ሱቅ አመራች። ተከትያት መሄድ ነበረብኝ። እጄ ግን መዘውሩ ላይ ቀርቷል። ሻጩ እማዬን አላየም፤ እጄን ነው ያየው። ዋጋው 8 ሺህ ላይ ሲደርስ ንቅንቅ አልል አለ። እማዬ ስትመለስ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ከዚያ በኋላ የገዛሁትን ሁሉ አልዘረዝርም። መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል የተባለ የከሰል ካውያ አለበት። አንድ እግሩ ያጠረ የተማሪ ወንበርም አለበት። ጨርቁን ከሳልባጅ ነጋዴ መረጥኩ። ጥጥ መሆኑን ለማረጋገጥ ከጫፉ ክር መዝዞ ማቃጠል ነው፤ ወረቀት ወረቀት ከሸተተ ጥጥ፣ ቀልጦ ከተድቦለቦለ ፖሊስተር። ይህን ለነጋዴው ሳላስረዳ ክምሩ አጠገብ ክብሪት ስጭር «እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» ብሎ ዘሎ ተነሣ።

እኛ 4ኛ ፎቅ ነን። ጫኝና አውራጆቹ የመኪናውን የብረት እግር አንድ ጊዜ፣ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ካዩ በኋላ የጠሩትን ሒሳብ ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኩትም።

መኪናው በገባ ማግስት መስፋት ጀመርኩ። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ስፌት ነው፤ ሲገለብጡት የአይጥ ጎጆ። ሁለት ቀን ሙሉ የታችኛውን ክር ስፈታና ስጠቀልል ዋልኩ። እማዬ መጥታ አንድ ጊዜ አየችና «ከታች ሲተበተብ ጥፋቱ ከላይ ነው» አለችኝ። ስለ ስፌት መኪና ብቻ እያወራች እንደሆነ ጠይቄ አረጋገጥኩ። የላይኛውን ክር በትክክለኛው መንገድ መልሳ ስትሰካው ተስተካከለ።

መሳቢያውን ስጠርግ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። «ወገብ 86፣ ቁመት 104» ይላል፤ ስም የለውም። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ሱሪው ይሰፋለት አይሰፋለት እንጃ። ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም፤ አይለካ፣ አይቸኩል፣ «እዚህ ጋ ያዘኝ» አይል። መጋረጃውን ለጊዜው ትቼ ከሳልባጁ ቡናማ ጨርቅ ሱሪ ቆረጥኩለት።

በሦስተኛው ምሽት በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት የ3ኛ ፎቁ ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ወፍጮ አስገባችሁ እንዴ? ጣራው እላዬ ላይ ሊወርድ ነው!»

ይቅርታ እየጠየቅኩ ወደ ውስጥ ይግቡ ስላቸው ዓይናቸው ወንበሩ ላይ የተሰቀለው ሱሪ ላይ ዐረፈ። አነሡት፣ ከወገባቸው ለኩት፣ ወደ ጫማቸው አዩ። ልክክ ብሏል። አንዱ ኪስ ወደ ውስጥ መዞር ሲገባው ወደ ውጭ መዞሩን እንኳ አላነሡብኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ብረግጥ ከታች የሚያንኳኳ የለም። መጋረጃው አሁንም ወለል ይጠርጋል። ትናንት ደረጃው ላይ ተገናኘንና ጋሼ ቡናማውን ሱሪ እንደለበሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ኮቱስ?»