የጩኸት ገበያ

በእኛ ጊዜ ሰው ስለ ገንዘብ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ሌባ እንዳይሰማ ብቻ አይደለም፤ ዘመድም እንዳይሰማ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ልጄ ቤት ግን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጂም ክሬመር የሚባል ራሰ በራ እጅጌውን ሰብስቦ ሲኤንቢሲ ላይ ይወጣና ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮሃል። ፊቱ የተደረደሩትን ትልልቅ ቁልፎች በመዳፉ ይደቃል። አንዱን ሲመታ በሬ ያጓራል፣ ሌላውን ሲመታ መዘምራን «ሃሌ ሉያ» ይላሉ። ለአክሲዮን ሃሌ ሉያ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።

ያልተማረ ቢሆን ባዘንኩለት። ሃርቫርድ ተምሯል፤ የተማሪዎቹን ጋዜጣም መርቷል። ጋዜጠኛ ሆኖ ካሊፎርኒያ ሳለ መኪናው ውስጥ እያደረ የኖረባቸው ወራት አሉ፤ ይህን ስሰማ ትንሽ ራራሁለት። ከዚያ ሃርቫርድ ሕግ ሊማር ተመለሰ። ሕጉን እየተማረ የስልክ መልስ መቅጃው ላይ «ይህን አክሲዮን ግዙ» እያለ ይቀዳ ጀመር። ማርቲን ፔሬትዝ የሚባል የመጽሔት ባለቤት ደውሎ ሰማውና 500,000 ዶላር አምጥቶ «አሠራልኝ» አለው። በስልክ መቅጃ ግማሽ ሚሊዮን! እኔ ስደውል ልጄ ስልኩን እንኳ አያነሳልኝም።

ጎልድማን ሳክስ የሚባል ባንክ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ሄጅ ፈንድ የሚሉትን፣ የባለሀብቶችን ገንዘብ የሚነግድበትን ድርጅት ከፈተ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ገበያው ሲደረመስ እሱ ገንዘቡን ቀድሞ አውጥቶ ነበር። በ2001 በቃኝ ብሎ ጡረታ ወጣ። ምናለ እዚያው ላይ ቢያርፍ? በ2005 «ማድ መኒ» የሚባለውን ፕሮግራም ይዞብን መጣ።

መጋቢት 2008 አንድ ተመልካች ስለ ቤር ስተርንስ ባንክ ጠየቀው። «ደህና ነው፣ ገንዘብህን እንዳታወጣ!» ብሎ ጮኸ። በአምስተኛው ቀን ባንኩ ለጄፒ ሞርጋን በአክሲዮን 2 ዶላር ሊሸጥ ተስማማ። ክሬመር «ስለ ተቀማጭ ገንዘብ ነው እንጂ ስለ አክሲዮኑ አልተጠየቅሁም» ይላል። ይሁንለት፤ ጩኸቱን የሰማው ግን ጠያቂው ብቻ አልነበረም። በዓመቱ ኮሜዲያኑ ጆን ስቱዋርት ፊት ለፊት አስቀምጦ ሲሞግተው ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

እኔን የሚያናድደኝ መሳሳቱ አይደለም፤ አንዳንዴ ልክ መሆኑ ነው። ነሐሴ 2007 «የማዕከላዊ ባንኩ ሰዎች ምንም አያውቁም!» እያለ ሲያብድ ብዙዎች ሳቁበት። ብዙም ሳይቆይ የገንዘብ ቀውሱ መጣ። ታዲያ ጩኸቱ ያው ከሆነ የትኛው ጩኸት እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ2023 ብልጦች ነን ያሉ ሰዎች እሱ ግዙ ካለው ተቃራኒውን እያደረገ የሚነግድ ፈንድ አቋቋሙ። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ሰውዬውን መከተል አላዋጣ፣ መገልበጥም አላዋጣ!

አሁን አዲስ አበባም በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከፍታለች፤ ደስ ብሎኛል። የቴሌቪዥን ጣቢያ ያላችሁ ልጆቼ፣ የአክሲዮን አዋቂ ስትጋብዙ ከጩኸቱ እውነቱን እንድንለይ በሽማግሌ አምላክ አንድ ነገር ጠይቁልን፤ «ግዙ» የሚለንን አክሲዮን እሱ ራሱ ይዟል ወይስ አልያዘም?