የ547ቱ ኅሊና

በዴሞክራሲ አገሮች የሚካሄድ ምርጫ አንድ የቆየ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ድምፅ ተሰጥቶ እስኪቆጠር ድረስ ውጤቱ አለመታወቁ ነው። በዚህ ጉድለት ምክንያት ሚኒስትሮች እንቅልፍ ያጣሉ፣ ዕጩዎች የማይችሉትን ቃል ይገባሉ፣ ባለሥልጣናትም ቢሯቸውን ለሌላ ሰው የማስረከብ ሥጋት ይዟቸው ይከርማሉ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በኢትዮጵያ የተተከለው የምርጫ ሥርዓት ይህን ጉድለት በ20 ዓመት ውስጥ ከሥሩ ነቅሎ መጣሉ የሚገባውን ያህል አልተወደሰም።

ጅማሬው ትሑት ነበር። በሚያዝያ 1987 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተካሄደው የመጀመሪያው ምርጫ ያለ ብዙ ድካም የተጠናቀቀው፣ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ድርጅቶች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ራሳቸውን በማግለላቸው ነው፤ ሥራውን ያቀለሉት እነሱ ሆነው ሳለ በድሉ በዓል ላይ ሳይመሰገኑ መቅረታቸው ውለታ ቢስነት ነው። በግንቦት 1997 ግን አዘጋጆቹ ተዘናጉ። የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተላለፈ፣ መራጩም የሰማውን አመዛዝኖ የፈለገውን መረጠና የአዲስ አበባ 23 መቀመጫዎች በሙሉ ለተቃዋሚው ለቅንጅት ሆኑ። በውጤቱ ላይ በተነሣው ተቃውሞ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዘገበ፤ የቅንጅት መሪዎችም ወደ ምክር ቤት ሳይሆን ወደ ቃሊቲ እስር ቤት ወረዱ።

ለመዘናጋቱ የተገኘው መድኃኒት አንድ ለአምስት ይባል ነበር። አንድ ለአምስት ማለት አምስት ሰዎች በአንድ መሪ ሥር ተደራጅተው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጤናና ስለ ልማት የሚመካከሩበት አደረጃጀት ሲሆን፣ የምርጫ ወቅት ሲደርስ ያው መሪ አባላቱ ካርድ ማውጣታቸውንና በዕለቱ ከቤት መውጣታቸውን በወንድማዊ ፍቅር ይከታተል ነበር። ድምፅ ምስጢር መሆኑ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ስድስት ሰው የሚያውቀው ምስጢርም ቢሆን ከምስጢርነት አልወጣም። በግንቦት 2002 ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ፤ ከ5 ዓመት በፊት 23 ለባዶ ያሰናበታቸው የአዲስ አበባ ሕዝብም 22 መቀመጫ ሰጣቸው። በግንቦት 2007 የቀሩት ሁለት ወንበሮች ተገኙና ሥራው ተፈጸመ።

እዚህ ላይ፣ ሥርዓቱ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በመሆኑ፣ ማለትም በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች ሁሉ የላቀ ድምፅ ያገኘ ሰው ግማሹን ባያገኝም መቀመጫውን ስለሚወስድ፣ ሁሉም መቀመጫ የአንድ ወገን መሆኑ ሕዝቡ ሁሉ የዚያ ወገን ነው ማለት እንዳልሆነ የሚከራከሩ አይጠፉም። እንዲህ ያለ ተከራካሪ በምክር ቤቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ነገሩን ባስረዳ ነበር፤ መቀመጫ ግን አላገኘም።

የድሉ ታላቅነት የሚገባው ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር ነው። ደርግ፣ ያ አምባገነን የተባለው ደርግ፣ በ1979 ሕገ መንግሥቱን ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ የወሰደው 81 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሕዝበ ውሳኔና የመቀመጫ ቆጠራ አይወዳደሩም ቢባል እንኳ፣ ወታደሮቹ ያሳዩት ይሉኝታ የሚያስገርም ነው። በቱኒዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአብዮቱ በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ አንደኛ የወጣው ኤናህዳ ከ217 መቀመጫዎች ያገኘው 89 ሆኖ፣ መንግሥት ለመመሥረት ሌሎች ፓርቲዎችን ደጅ ለመጥናት ተገደደ። አብዮት ለዚህ ነው እንዴ የሚካሄደው?

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ የሥርዓቱን ትሩፋት በተለይ ማድነቅ የሚገባት የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ቡኢ ናት። በዚያ የሚኖረው የክስታኔ ጉራጌ ሕዝብ ጎርደና ሴራ የሚባል ባህላዊ ሕግና ሸንጎ ስላለው፣ ነገር የሚያልቀው ባላጋራ ከባላጋራው ፊት ተቀምጦ ከተናገረ በኋላ ነው፤ በዕድሩም ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያወራርድ ከኋላ የተቀመጠ አባል እጁን አውጥቶ ይጠይቀዋል። በ1950ዎቹም የአካባቢው ተወላጆች ከአለም ገና በቡኢ በኩል ወደ ቡታጅራና ወደ ወላይታ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት ድርጅት አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡት፣ መንገድ በምርጫ ዘመቻ ቃል የሚገባ ነገር መሆኑን ገና ስላልተማሩ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ መጠያየቅ ለለመደ ሕዝብ፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት ምክር ቤት ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ይደነግጋል። በ2007 የተመረጡት 547 ኅሊናዎች በመንፈቁ አገሪቱ በተቃውሞ ስትናጥ ተጣጥመው ቆዩ፤ በጥቅምት 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አጸደቁ፣ በ2010 ደግሞ ለአመራር ለውጡ አጨበጨቡ። በ2012 ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት አብዛኞቹ ከወንበራቸው ሳይነሡ ፓርቲ ቀየሩ። በቡኢ የንብ ምልክት አይቶ የኢሕአዴግን አባል ድርጅት ደኢሕዴንን የመረጠው ሰው ንቡም ድርጅቱም የት እንደደረሱ አልተጠየቀም፤ ያው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 7 እምነት ያጣበትን ተወካይ የማንሣት መብት ቢሰጠውም፣ አመኔታ ያጣው በየትኛው ፓርቲ ተወካይ እንደሆነ ለይቶ ማመልከት በቀላሉ አይሆንለትም ነበር። የ5 ዓመቱ ዘመንም በኮሮና ምክንያት በሕገ መንግሥት ትርጉም ተራዘመ።

በሰኔ 2013 በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ በንቡ ፈንታ አምፖል መጣ። አዲሱ ፓርቲ መጀመሪያ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች ያገኘው 410 ነው፤ 26 ወንበሮች በማን ቸልተኝነት እንዳመለጡ የሚያጣራ ኮሚቴ እንዲቋቋም የጠየቀ የምክር ቤት አባል እስከ አሁን አለመሰማቱ ያሳስባል።